በምላጭ ለአራት የተቆረጠ ክኒን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አናቴ እየሳሳ መጣ። ጓደኛዬ ፊናስቴራይድ ፀጉር ይመልሳል ብሎኝ ባለ 5 ሚሊ ግራሙን ያለ ማዘዣ ገዛሁ። በሳህን ላይ በምላጭ ለአራት እየቆረጥኩ በየቀኑ አንድ ቁራጭ እወስዳለሁ። ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ ለውጥ የለም። መጠኑን ልጨምር? ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷን ይጎዳት ይሆን?

መልስ፦ መጠኑን አይጨምሩ። ከፀጉርዎ በፊት ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ጥያቄ ትቅደም።

ሙሉው ክኒን ሽፋን አለው፤ ቢነካም ችግር የለውም። በምላጭ ሲቆረጥ ግን ሳህኑ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀራል። መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት መግባት ይችላል፤ የተፀነሰው ወንድ ከሆነ ደግሞ የብልቱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ፊናስቴራይድ መንካት የለባትም። ባለቤትዎ ያንን ሳህን አጥበው ከሆነ አይደንግጡ፤ ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ግን ሳይደብቁ ይናገሩ። በዘር ፈሳሽ በኩል የሚያልፈው መጠን እጅግ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አናትዎ። ፊናስቴራይድ የሚሠራው ቴስቶስቴሮን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን እንዳይለወጥ በመከልከል ነው። በዘር ለራሰ በራነት የተጋለጠ ወንድ የፀጉር ሥሩ የሚቀጭጨው በዚህ ሁለተኛው ሆርሞን ነው። ባለ 5 ሚሊ ግራሙ የተዘጋጀው ለፕሮስቴት እጢ ማበጥ ነው፤ ለፀጉር የሚታዘዘው 1 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በላይ መውሰድ የተለየ ጥቅም አላሳየም። ምላጭ ደግሞ እኩል አይቆርጥም፤ አንዱ ቀን ይበዛል፣ ሌላው ቀን ያንሳል።

ስድስት ሳምንት ምንም አይደለም። ለውጥ ለማየት ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር፣ በትክክል ለመመዘን አንድ ዓመት ይፈልጋል። በኅዳር መጥተው «ዶክተር፣ ጥር ሰርግ አለብኝ፣ ይድረስልኝ» የሚሉኝን ጎረምሶች የማሰናብተው በዚሁ ቃል ነው። ቢሠራም የሚሻለው አናት ላይ ነው፤ ከግንባር ግራና ቀኝ ለሸሸው ፀጉር ብዙ ተስፋ አልሰጥም። ደግሞም የኪራይ ቤት ነው፦ መውሰድ ባቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ ያተረፉት ፀጉር ተመልሶ ይሄዳል።

ጓደኛዎ ያልነገረዎት ሌላም አለ። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ስንፈተ ወሲብ፣ የዘር ፈሳሽ ማነስ። በዋናዎቹ ጥናቶች እነዚህ የታዩት መድኃኒቱን ከወሰዱት 3.8 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.1 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውም ሲያቆሙ ይለቃል። ካቆሙ በኋላም አልለቀቀንም ያሉ ሰዎች ግን አሉ፤ ቅሬታቸውን «የሐሳብ ነው» ብዬ አላጣጥለውም። ስሜትንም ይነካል፦ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የፊናስቴራይድ ክኒን የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን በ2025 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ከዚህ ቀደም ድባቴ ኖሮብዎት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪም ሳይነግሩ አንድም ፍሬ አይዋጡ። ጡት ላይ እብጠት ወይም ሕመም ከተሰማዎትም ይታዩ።

የተረፈውን ለአባትዎ እንዳይሰጡ። ለፕሮስቴት ካንሰር ጥርጣሬ የሚታየውን የፒኤስኤ የደም ምርመራ ውጤት በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚያደርግ፣ መውሰዳቸውን የማያውቅ ሐኪም ይሳሳታል።

እኔ ብሆን ባለቤቴ እስክትወልድ አቆመው ነበር። እስከዚያ የቆዳ ሐኪም አናትዎን ይየው፤ ላሽ ወይም ጭርት ከሆነ ይህ ክኒን አይነካውም። ከወሊድ በኋላ ከፈለጉ በማዘዣ ባለ 1 ሚሊ ግራሙን፣ ሳይቆርጡ። ቁራጮቹን ወደ መድኃኒት ቤት ይመልሱ፤ ሳህኑንም በሳሙና ይጠቡት፣ እርስዎ ራስዎ።