ቦልደርዳሽ የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ እንዳትጽፊው

እህቴ፣ «ቦልደርዳሽ ማለት ምንድን ነው? ለአለቃዬ በምጽፈው መልስ ላይ ባስገባውስ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። አታስገቢው። እኔ ጉድ ሆኜበታለሁ።

1. የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ እንቶ ፈንቶ ነው። ዝባዝንኬ ብትዪውም ያስኬዳል። ብልግና የለበትም፤ ግን የተባለው ሰው አይወድልሽም።

2. በእንግሊዝኛ ሰዋስው አይቆጠርም። ከፊቱ «ኤ» አይገባም፣ ከኋላውም «ኤስ» አይቀጠልም። ይሄን ያወቅኩት ዋሽንግተን ፓርኪንግ ስሠራ ነው። መቼም አንቺም እንደዚያ ያለ ቦታ ሳትሆኚ አትቀሪም። አንድ ደንበኛ «መኪናዬን ጫረብኝ» ብሎ ከሰሰኝ። ጭረቱ መኪናዋ ስትገባም ነበረ። ቲኬቱ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ቁጥሩንም በመልሴ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ጽፌያለሁ። መጀመሪያው ላይ ግን እንግሊዝኛዬን ላሳይ ብዬ «ዚስ ኢዝ ኤ ቦልደርዳሽ» አልኩ።

ማናጀሩ ሁለተኛው አንቀጽ ጋ አልደረሰም። ወረቀቱን ይዞ ወጣና ለካሸሮቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «እንዲህ የምትለው አያቴ ናት» አለ። ተንጫጩ በሳቅ። የሁለት ቀን ደሞዜ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ስሜ «ሚስተር ቦልደርዳሽ» ሆኖ ቀረ። በአማርኛ ቢሆን እኮ ልክ ልኩን ነበር የምነግረው!

3. ቃሉ አርጅቷል። ዛሬ የሚለው ወይ ሽማግሌ ነው ወይ ቀልደኛ። ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. በ2012 በምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር ላይ ተፎካካሪውን ፖል ራያንን ያለው «ማላርኪ»ም እንደዚሁ ነው፣ ትርጉሙ ወሬ ብቻ። ግን ባይደን ደሞዙን የሚቆርጥበት ማናጀር የለውም።

ነገሩ እልህ አስይዞኝ ላይብረሪ ገብቼ ፈተሽኩት። ቃሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1500ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። ድሮ የመጠጥ ስም ነበር፤ ቢራን ከወተት ወይ ከወይን ጋር ደባልቀው ቦልደርዳሽ ይሉት ነበር። ወደ ወሬ የዞረው በ1600ዎቹ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ማናጀሬ ይሄን አያውቅም! ስነግረው አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ብሬን ግን አልመለሰም።

አንቺ «ዚስ ኢዝ ኖት ኮሬክት» ብለሽ ጀምሪ፣ ማስረጃሽን እዚያው መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጊው። ቲኬት ካለሽ ደግሞ ሳትሰጪያቸው በፊት ፎቶ አንሺው። የኔው ማናጀሩ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።