ተዝካራቸው ያልወጣ ሙታን ይረሳሉን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ላስታ ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የወረዳችን ተወላጆች ተሰባስበን በሞት የተለዩንን የአገራችንን ሰዎች ስምና የሕይወት ታሪክ በአንድ መዝገብ መጻፍ ጀምረናል። በ1977 ድርቅ ያለቁት ጋ ስንደርስ ግን ተቸገርን። ብዙዎቹ እርዳታ ፍለጋ ወደ ቆረም ሲሄዱ መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። ፍትሐት አልተደረገላቸውም፣ ተዝካር አልወጣላቸውም፣ የክርስትና ስማቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም። አያቴም እንደዚያ ነው የቀሩት። እናቴ እስከ ዛሬ «አባቴ በሕልሜ እየመጣ ራበኝ ይለኛል» ትላለች። አንዳንዶች ደግሞ በሬ ጥለን፣ ድንኳን ተክለን ለሁሉም አንድ ትልቅ ተዝካር ካላወጣን ነፍሳቸው አታርፍም ይሉናል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንስ መዝገቡ ውስጥ ይገባሉ? ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መዝገቡ ይቆየንና መጀመሪያ ስለ እናትሽ ልናገር።

ሳልስቱን፣ ሰባቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ወደዚያ አልገባም። እኔን በየሄድኩበት የሚገጥመኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ዘመዱን በሕልሙ ያያል። ሟቹ ከስቶ፣ ልብሱ አልቆ፣ «ራበኝ» ወይም «በረደኝ» ይላል። ሲነጋ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። «ተዝካሩን ስላላወጣንለት ነው» ይባላል። ከዚያ ብድር ይፈለጋል፣ የእርሻ በሬ ይሸጣል። የባሰበት ደግሞ ሕልም እፈታለሁ የሚል ጠንቋይ ደጅ ይቆማል፤ ጠንቋዩም በግ በዓይነት፣ ዶሮ በቀለም ያዛል። ሟቹን እናስብ ብሎ የተነሣ ሰው መጨረሻው እግዚአብሔርን ማሳዘን ይሆናል።

የእናትሽ ሕልም ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። አባቷ በእውነት ተርበው ነው የሞቱት። እሷ አጠገባቸው ሆና የምታቀምሳቸው ነገር አልነበራትም። ከሞቱ በኋላም ለቅሶ የደረሳት፣ «እግዜር ያጥናሽ» ያላት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ሬሳ ትቶ የሚሸሽበት ጊዜ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ያልተለቀሰ ለቅሶ ሆዷ ውስጥ አለ። እኅቴ፣ ይህ የሟች ክስ አይደለም። አባቷን ማጉረስ ያልቻለች ልጅ ሐዘን ነው። አያትሽ ልጃቸውን የሚከሱበት ምንም ነገር የላቸውም።

ሉቃስ ምዕራፍ 16ን አብራችሁ አንብቡላት። አልዓዛር ከባለጠጋው ደጅ ወድቆ ፍርፋሪ እየተመኘ ነው የሞተው። ጌታችን ሞቱን ሲናገር «ድሀውም ሞተ፥ መላእክትም ወደ አብርሃም እቅፍ ወሰዱት» ይላል። ስለ ባለጠጋው ግን «ሞተና ተቀበረ» ይላል። ልብ በይ፤ መቀበሩ የተነገረለት ባለጠጋው ብቻ ነው። የአልዓዛርን ቀባሪ ወንጌሉ አያነሣም። ያ ደጅ ላይ የወደቀ ሰው ቀባሪ ይኑረው አይኑረው አናውቅም፤ ተሸካሚዎቹ ግን መላእክት ነበሩ። ስሙ የተጻፈውም የእሱ ነው፤ የባለጠጋው ስም የለም።

እናትሽ «አሁንም ይርበዋል» ካለችሽ ደግሞ ራእይ 7፥16ን ንገሪያት። በበጉ ደም ልብሳቸውን ስላጠቡት «ከእንግዲህም ወዲህ አይራቡም ከእንግዲህም ወዲህ አይጠሙም» ተብሏል። በረሃብ ለሞተ ክርስቲያን ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ እኔ አላውቅም። ነፍስ እንጀራና ወጥ አትጠብቅም። እኛ አልደገስንም ብላም ጦሟን አታድርም።

ይህን ስል ማን እንደጸደቀ፣ ማን እንደተኮነነ እየፈረድኩ አይደለም። እሱ የእግዚአብሔር ነው። ረሃብም ብቻውን ማንንም አያጸድቅም። የምለው ይህን ነው፤ ቀባሪ ያጣ ሰው በዚያ ምክንያት አይኮነንም፣ ሰማንያ ገበታ ሙሉ እንግዳ የተጋበዘለትም በዚያ ምክንያት አይጸድቅም።

ታዲያ ጸሎቱ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። በጣም ይጠቅማል! ቤተ ክርስቲያን የሞቱ ልጆቿን ከእቅፏ አታወጣም። እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነውና በእሱ ዘንድ ሁሉም ሕያዋን ናቸው። ስለዚህ በየቅዳሴው ስላንቀላፉት ትጸልያለች። የፍትሐት ጸሎትም የምሕረት ልመና ነው። የልመናውን መልስ ለባለቤቱ እንተዋለን።

አሁን «ስማቸውን አናውቅም» ወደሚለው ጭንቀት ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የክርስትና ስሙ ካልተጠራ ጸሎቱ መንገድ የሚስት ይመስለዋል። የሆሣዕናን ዕለት አስቢ። ዘንባባችንን ጣታችን ላይ እንደ ቀለበት አሥረን፣ ግንባራችን ላይ ጠምጥመን እንቆማለን። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህናቱ ፍትሐት ያደርጋሉ። ለማን? በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት አስቀድሞ የሚጸለይ ነው። ማን እንደሚሞት ካህኑ አያውቅም። ምናልባት ከዚያው ከቆመው ሕዝብ መካከል ነው። ምናልባትም ካህኑ ራሱ ነው። ስም የለም፣ አስከሬን የለም፣ ጸሎቱ ግን ሙሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገና ላልሞተ፣ ስሙም ላልታወቀ ሰው እንዲህ ከጸለየች፣ መንገድ ላይ የቀሩት የእናንተ ሰዎች እንዴት ከጸሎቷ ውጭ ይሆናሉ?

ደግሞ አንቺ የላስታ ልጅ ነሽ። ይምርሐነ ክርስቶስን ሳትሳለሚ አትቀሪም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ዋሻው ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ በስተጀርባ ያለውን አጽም አይተሻል። ከየአገሩ ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን እንደሆኑ ይነገራል። የእያንዳንዳቸውን ስም የሚነግርሽ ሰው አታገኚም። ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ግን ስላንቀላፉት የሚጸለየው ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። ኢሳይያስ 49፥15 «እርስዋ ትረሳ ይሆናል፥ እኔ ግን አልረሳሽም» ይላል። እናት እንኳ ልትረሳ ትችላለች፤ እሱ አይረሳም። እኛ ስም የምንጠራው እግዚአብሔር ስለረሳ አይደለም። እኛ እንዳንረሳ፣ ለእነሱም ምሕረት እንድንለምን ነው።

ይህ ማለት ስም አትፈልጉ ማለት አይደለም። በደንብ ፈልጉ። የክርስትና አባትና እናት በሕይወት ካሉ ጠይቁ። ከሌሉ ልጆቻቸውን ጠይቁ። የጽዋ ማኅበርተኞችን ጠይቁ። ከ1977 እስከ 1978 በሠፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ የተወሰዱ የወሎ ሰዎች አሉ። የእናንተም ወረዳ ሰው በዚያ ይኖራል። «ጠፍቶ ቀረ» የተባለው ሰው ፓዌ ወልዶ ከብዶ፣ እዚያው ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ልጆቹን ብታገኙ ስሙንም፣ የሞተበትን ቀንም ይነግሯችኋል። ስሙ ያልተገኘውን ደግሞ «የእገሌ አባት»፣ «የእገሊት እኅት» ብላችሁ ጻፉት። ካህኑም በዚያው ያስቡታል።

የሕይወት ታሪክ ስለምትጽፉ አንድ ነገር አደራ። በየቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምተሽዋል። ሁሉም «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ቤተሰቡን ወዳድ» ነው። የሟቹን ስም ብትቀይሪው ለጎረቤቱ ይሆናል። እንዲህ ተጽፎ ማን ታሰበ ይባላል? የሐዋርያት ሥራ 9፥39ን ተመልከቺ። ዶርቃስ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ጴጥሮስ ፊት ቆመው ደግነቷን በቃል አላወሩም። የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩት አለቀሱ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ክረምት ከበጋ ደወል የደወለውን ዲያቆን ጻፉ። ለሚካኤል ዝክር ጠላ ስትጠምቅ የድሆቹን ጋን ለብቻ የምታስቀምጠውን እናት ጻፉ። ጥማዱን ለመበለቲቱ አውሶ የራሱ እርሻ የዘገየበትን ገበሬ ጻፉ። በዚያ ክፉ ዘመን የመጨረሻ ቆሎዋን ለሰው ልጅ ያካፈለች ካለች፣ የማንን ልጅ እንዳበላች ጭምር ጻፉ። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ መጥቶ ይመስክር።

በጥቅምት 1977 የቆረም መጠለያ ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ታይቷል። ፊታቸውን ሁሉ ሰው አየው። ስማቸውን ስንቱ ጠየቀ? ሰው ስለ እነሱ የሚያውቀው መራባቸውን ብቻ ነው። እነሱ ግን ከመራባቸው በፊት አራሽ፣ ቀዳሽ፣ ሸማኔ፣ አዋላጅ ነበሩ። ሥራችሁን የምወድላችሁ ለዚህ ነው፤ በርቱበት።

ሟቹን ለማመስገን ብላችሁ ግን አትዋሹ። ሙት ወቃሽ አትሁኑ፣ ውሸታም አልቃሽም አትሁኑ። ሰካራም የነበረውን «ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም» ብላችሁ ብትጽፉ ልጆቹ አንብበው አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚነገር መልካም ነገሩን ንገሩ፣ ሌላውን በዝምታ እለፉት። ጸሎቱን አብዙለት፤ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ወደ ድግሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በረሃብ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ተብሎ የጠገበ ሰው ሊጋበዝ ነው? ጌታችን በሉቃስ 14፥13 «ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችንና ጉንድሾችን አንካሶችንም ዕውሮችንም ጥራ» ብሏል። ወረዳችሁ እስከ አሁን የዝናብ እጥረት የሚፈትናት አገር ናት። ጦርነትም አልፎባታል። በሬ መጣል ኃጢአት ነው አልልም፤ ድሀው ከበላው ምጽዋት ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና የሄደው ተወላጅ ፎቶ እየተነሣ በልቶት ከተመለሰ ግን ያ ተዝካር አይባልም። በተለይ ማንንም አታስበድሩ። «ያልከፈለ ለአባቱ አያስብም» የሚል ቃል ከመካከላችሁ አይውጣ። እዚያ ቀዬ በሬውን ሸጦ የሚያዋጣ ገበሬ ካለ ገንዘቡን መልሱለት። አያቱን አሰብን ብላችሁ የልጅ ልጁን ልታስርቡት አይገባም።

እኔን ብትሰሙኝ እንዲህ አድርጉ። የተገኘውን ስም ይዛችሁ ወደ አገራችሁ ደብር ሂዱ። ከአለቃውና ከካህናቱ ጋር ቀን ቁረጡ፤ ፍትሐቱን እንዴት እንደሚያደርጉት እነሱ ይወስናሉ። መገበሪያውን፣ ዘቢቡን፣ ዕጣኑን፣ ጧፉን እናንተ አቅርቡ። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ሲቸግራት አይቻለሁ። እንጀራውን እዚያው የሰፈሩ ሴቶች ይጋግሩ፣ ድሀው ይብላ። የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ዘር ይግዛ። እናትሽም በእጇ ታጉርስ። አባቷን ማጉረስ አልቻለችም፤ በአባቷ ስም ግን የተራበ ሰው ማጉረስ ትችላለች። ለእሷ ከጠንቋዩም፣ ከድንኳኑም ይህ ይሻላታል። ሕልሙ ቢመለስባት እንኳ አትደናገጥ፤ ተነሥታ «አቤቱ ለአባቴ ምሕረትን ስጠው» ብላ ትተኛ።

ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጠይቀሻል። እኅቴ፣ መዝገቡ የወረዳው ሰዎች መዝገብ ነው፤ ይጻፉ እንጂ! ወሎ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ እድር ተቀባብሯል። በዚያ ዘመንም በአንድ መንገድ ተሰዷል፣ በአንድ ጉድጓድም የተቀበረ አለ። የፍትሐት ጸሎቱ ለተጠመቁት ልጆቿ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰው ነውና ሥርዓቱን አትቀላቅሉት። እነሱም በእምነታቸው የሚያደርጉት ዱዓ አላቸው። ታሪካቸውን ግን እናንተ ገምታችሁ አትጻፉላቸው። ልጆቻቸውን ጥሩና ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ የአባታቸውን ሥራ፣ የእናታቸውን ስም ራሳቸው ያስጽፉ። የምጽዋቱ ቀን ደግሞ ችግረኛው ሁሉ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ እኩል ይድረሰው። ሥጋ ካለ ሁሉም የየእምነቱ ሰው ባርኮ ያረደውን እንዲበላ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።