ካሜራውን ከገዛችሁ በኋላ ስላያችሁት ሪቪው

ውድ ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ በካሜራ እንጀራ ለመብላት የተነሣችሁ ሁሉ፣

ታኅሣሥ ሲገባ በከተማችን አዲስ ካሜራ ይበዛል። ጥምቀትና የጥር ሰርግ ሳይደርስ ተብሎ የዕቁብ ዕጣ ይለመናል፣ ብድር ይጠየቃል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይላካል ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይገባል። ካሜራው እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ ማታ ዩቲዩብ ይከፈታል፤ አንዱ «ይህን ካሜራ እንዳትገዙ» እያለ ሲያብጠለጥለው ይገኛል። የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ ሳይላጥ ልብ ይከፈላል። «ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» ለምትሉኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሪቪውን ዝም ብላችሁ አትመኑት፣ አትናቁትም። ሰውየው የተናገረውን በራሳችሁ ካሜራ ላይ ወደሚሞከር ጥያቄ ለውጡት። «ይሞቃል» ካለ፣ በስንት ደቂቃ? በየትኛው የቪዲዮ ጥራት? በምን ያህል ሙቀት? «ፎከሱ ደካማ ነው» ካለ፣ በየትኛው ሌንስ፣ በምን ብርሃን? ይህን የማይናገር ሪቪው ስሜቱን እንጂ ስለ ካሜራው ምንም አልነገራችሁም። ቅሬታው ሲመረመር ወይ የስሪቱ ወሰን ሆኖ ይገኛል፤ ያን ሞዴል አሥር ጊዜ ብትቀይሩት ያው ነው። ወይ የእናንተ ዕቃ ብቻ ተበላሽቷል፤ እሱ ይመለሳል። ወይ ደግሞ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የምትጨርሱት የሴቲንግ ጉዳይ ነው። ሰው ካሜራውን በኪሳራ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ነው።

ቅሬታ እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኒኮን ዲ600 በፈረንጅ 2012 ሲወጣ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ገጽ) ላይ ብናኝና ቅባት ይጠራቀማል ተባለ። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ አገር፣ ያንኑ ነጥብ በፎቶው ላይኛ ግራ ጥግ ላይ አሳዩ። ኩባንያውም በ2014 ዋስትናው ላለቀበት ሳይቀር በነፃ ለመመርመርና ሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ለመቀየር ተስማማ። በ2020 ካኖን ኢኦኤስ አር5 ሲወጣ ደግሞ «ይሞቃል» ተብሎ ዓለም ተንጫጫ። ውሸት አልነበረም፤ ግን በ8ኬ፣ በከፍተኛው የቪዲዮ ጥራት፣ ሲቀርጽ፣ በ23 ዲግሪ ሙቀት፣ 20 ደቂቃ ያህል እንደሚሄድ ኩባንያው ራሱ አስታውቆ ነበር። ሙሽራ በፎቶ ለሚያነሳ ሰው ያ ሁሉ ጫጫታ ምኑም አልነበረም። እንግዲህ ቅሬታ ስትሰሙ ያንኑ ጉድለት፣ ያንኑ ቦታ፣ የተለያየ ሰው አይቶታል ወይ ብላችሁ ፈልጉ። አንዱ ከአንዱ የቀዳው አሥር ቪዲዮ አንድ ምስክር ነው።

ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ደረሰኙን አውጡ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ከታተመበት ባለሱቁን ዛሬውኑ አነጋግሩት፤ ብልሽት ቢገኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይር በጽሑፍ ይስጣችሁ። ቦዲው ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ከውጭ የመጣ ከሆነ ዋስትናው በተገዛበት አገር ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ያመጣላችሁ ዘመድ ከመመለሱ በፊት ፈትኑ። ካርቶኑን፣ ላስቲኩን፣ የኬብል ማሰሪያውን ሳይቀር አስቀምጡ።

አሁን ወደ ሌንሱ። «ጥጉ ይደበዝዛል» የሚለውን ቅሬታ ለመፈተን ከጎንደር የተሻለ ከተማ የለም። የፋሲል ግቢን የውጭ ግንብ ያዙ፤ ከአጥሩ ውጭ ስለምትቆሙ ቲኬት አያስፈልግም፣ ድንጋዩ ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ ይታያል። ፀሐይ በቀጥታ ያላረፈበትን ገጽ ምረጡ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፤ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ከሆነ 5 ሜትር ያህል ራቁ፤ የካሜራው ፊት ከግንቡ ጋር ትይዩ ይሁን። አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፣ ስታቢላይዘሩ (መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው) ጠፍቶ። ፎከሱን መሐል ላይ አድርጉና አንዱን አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ አንዱን በኤፍ 5.6፣ አንዱን በኤፍ 8 አንሱ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ላፕቶፕ ላይ 100 በመቶ አጉልታችሁ አራቱን ጥግ እዩ።

አፐርቸሩ ሲከፈት አራቱም ጥግ እኩል ደብዝዞ በኤፍ 8 ከጠራ፣ ሌንሱ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ጤነኛ ነው። ሦስቱ ጠርተው አንዱ በኤፍ 8 እንኳ ከደበዘዘ ግን ውስጡ ያለ መስታወት ከቦታው ተዛብቷል ማለት ይሆናል። ይህን ከማለታችሁ በፊት ካሜራውን ገልብጡና ያንኑ ግንብ ድገሙት። ድብዘዛው ቀድሞ የነበረበትን ድንጋይ ተከትሎ ከሄደ ጠማማው አቋቋማችሁ ነው። ድንጋዩን ትቶ ከካሜራው ጋር ከዞረ ግን ሌንሱ ነው፤ ይመለስ። በኤፍ 22 አንስታችሁ «ደበዘዘ» አትበሉ፤ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃን ስለሚበተን የትኛውም ሌንስ ይደበዝዛል። ኤፍ 16 እና ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ሴንሰር ላይ ብናኝ ለመፈለግ ነው፦ ወደ ነጭ ደመና አዙሩ፣ ፎከሱን አበላሹ፣ አንሱ፤ በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ግራጫ ነጥብ ብናኝ ነው። በአየር መንፊያ ጎማ የሚለቅ ብናኝ ለመመለስ አያበቃም። በአፋችሁ ግን እንዳትነፉት፣ ምራቅ ይገባል።

የጎንደር ልጅ ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው የመብራቱን ጉዳይ ነው። «ቪዲዮው ይርገበገባል፣ ጥቁር መስመር ይወርድበታል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የካሜራው ጥፋት አይደለም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዝዛል። የአሜሪካው 60 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የ60 ኸርዝ አገር የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ተቀምጦ፣ በ30 ወይም በ60 ፍሬም፣ በ1/60 ሹተር ይቀርጻል። እሱን ይዛችሁ የሰርግ አዳራሽ ስትገቡ ከአምፖሉ ጋር አይገጥምም፤ መስመሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ለ50 ኸርዝ አገር ወደሚሆነው፣ ወደ ፓል ቀይሩት፤ በ25 ወይም በ50 ፍሬም ቅረጹ፤ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት። አንዳንድ ካሜራ ይህ ሲቀየር ካርዱን ፎርማት ካላደረጋችሁ አይቀርጽም፤ ስለዚህ ቤታችሁ ጨርሱት እንጂ ሙሽሪት ስትወጣ አትነካኩት።

ፎቶም ቢሆን ያው ነው። ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሹተር በአዳራሽ አምፖል ሥር ምስሉን በጥቁርና በነጭ መስመር ይከፋፍለዋል፤ ወደ ሜካኒካል ሹተር ተመለሱ፣ ካሜራው የመርገብገብ መከላከያ ካለው አብሩት። ለጌጥ የሚሰቀለው ርካሽ ኤልኢዲ ግን በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ 1/50 እንኳ ላያድን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ደግሞ ጭነቱ ሲቀያየር ኸርዙ ስለሚዋዥቅ መስመሩ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ያን ጊዜ መፍትሔው የራሳችሁ መብራት ነው። ሌላ ካሜራ ብትገዙም መስመሩ ይከተላችኋል።

«ፊት ያጠቁራል» የሚለውም ሌላ አገር፣ ሌላ ልብስ ላይ የተፈተነ ነው። የካሜራ ሜትር (ብርሃን መለኪያው) ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ፍሬሙ በነጭ ነጠላና በነጭ ቀሚስ ሲሞላ ካሜራው «በጣም ደማቅ ነው» ብሎ ያጨልመዋል፤ ፊት ይጠቁራል። ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን ደረጃ) ጨምሩለት። ተጠግታችሁ ጠይም ፊት ፍሬሙን ሲሞላው ተቃራኒው ይሆናል፤ ያደምቀዋል፣ የነጠላው ጥለትና ሽመናም ይነጣል። እዚያ ላይ ከ0.3 እስከ 0.7 ቀንሱ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ከልክ በላይ የደመቀውን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየውን ዜብራ አብሩ፣ በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) አንሱ። አንዴ የነጣ ነጠላ በኋላ አይመለስም፤ ትንሽ የጨለመ ፊት ግን ይመለሳል።

«አይሶ ሲጨምር ምስሉ ይቆሽሻል» ለሚለው ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰለ ጨለም ያለና ፍላሽ የማይበራበት ውስጥ ገብታችሁ ሞክሩ፤ መጀመሪያ ግን አስፈቅዱ። በአይሶ 3200 በትክክለኛ ብርሃን የተነሣ ፎቶ በአይሶ 800 ጨልሞ ተነሥቶ በኋላ ከደመቀው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ንጹሕ ነው፤ ቢያንስ ከእሱ የባሰ አይሆንም። ደግሞም የት እንደሚታተም አስቡ። 13 በ18 ሳንቲሜትር ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚፈልገው ከ3.5 ሜጋፒክስል በታች ነው፤ 30 በ45 እንኳ 19 ገደማ ይበቃዋል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዛችሁ 200 በመቶ አጉልታችሁ የምታዩትን ነጠብጣብ የሙሽራው እናት አያዩትም።

ካርድ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። «ካሜራው ይደርቃል፣ ቀረጻ ያቋርጣል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ፎርጅድ ካርድ ነው። በ100 ሜጋቢት የሚቀረጽ 4ኬ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ብቻ ይጽፋል፤ እውነተኛ ቪ30 ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 30 ስለሚችል ከበቂ በላይ ነው። ካርዱን እስኪሞላ ጽፎ መልሶ የሚያነብ ኤች2ቴስትደብልዩ (h2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። 64 ጊጋባይት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ቀረጻው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ከቆመ ደግሞ የሞቀ እንዳይመስላችሁ፤ በብዙ ካሜራ ላይ በፋብሪካ የተቀመጠ ገደብ ነው።

ባትሪ ላይ ብዙ አልልም። በማስታወቂያ የሚጻፈው ቁጥር በአንድ ዓይነት የላቦራቶሪ አሠራር የተለካ ነው፤ ለካኖን አርፒ 250 ፎቶ ያህል ይላል፣ ሰርግ ላይ በተከታታይ ስታነሱ ከዚያ ብዙ ሊያልፍ ይችላል። ለቀኑ ሦስት አራት ባትሪ ያዙ፣ መብራት ሳይጠፋ ማታውኑ ሙሉ። ያበጠ ርካሽ ባትሪ ግን በፍጹም አታስገቡ፤ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ሪቪው ልክ ሆኖ ሥራችሁን የሚነካበትን ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም። አርፒ 4ኬ ሲቀርጽ ምስሉን በ1.6 ይቆርጣል፤ 24 ሚሊሜትሩ 38 ይሆናል፣ ፎከሱም ይዘገያል። በሙሽሪት ቤት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ወደ ኋላ የምታፈገፍጉበት ቦታ የለም። ይህ የስሪቱ ወሰን ነው፤ በፉል ኤችዲ ቅረጹና ኑሩበት፣ ወይም 4ኬ የግድ ከሆነባችሁ ሌላ ሞዴል ፈልጉ። የካርድ ቦታው አንድ ብቻ መሆኑም ለሰርግ ቀላል ነገር አይደለም። ካርዱ ቢበላሽ ቃል ኪዳኑ ድጋሚ አይፈጸምም። አንድ ቦታ ያለው ካሜራ ከያዛችሁ በየምዕራፉ ካርድ ቀይሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ለብቻ፣ የአዳራሹ ለብቻ፤ እረፍት ስታገኙ ላፕቶፕ ላይ ገልብጡ።

በእነዚህ ሁሉ አልፎ ጉድለቱ የዕቃው ሆኖ ከተገኘ ባለሱቁ ዘንድ ስትሄዱ የሪቪውን ቪዲዮ በስልክ አታሳዩት፤ እሱ ክርክር ይጋብዛል። ኦሪጅናል ፋይሎቹን ከነካርዱ ያዙ፦ ካሜራው ተገልብጦም ሳይገለበጥም የተነሣውን የግንብ ፎቶ፤ በየትኛው አፐርቸር እንደተነሡ ፋይሉ ላይ ይታያል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ካለው ሌላ ተመሳሳይ ሌንስ ጋር ከደጅ ያለ ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ እንዲያነጻጽር ጠይቁት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ሁሉ ከከተራ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይለቅ፤ የሚቀየረው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ አዲሱም ሲመጣ ፈተናው እንደገና ከግንቡ ይጀመራል።