«እግርሽ ለሩጫ ነው የተፈጠረው» ለተባለችው የሱሉልታ ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፈሽ ዩኒቨርሲቲ ተመድበሻል፤ አባትሽ ግን ምደባውን ትተሽ ሱሉልታ ካለው የሩጫ ቡድን ጋር ሙሉ ጊዜሽን እንድትለማመጂ ይፈልጋሉ፤ ዐረብ አገር ያለችው እህትሽም ለጫማና ለምግብ ገንዘብ ትልካለች። አሠልጣኝሽ «የሰው ልጅ የተሠራው ለረጅም ርቀት ሩጫ መሆኑን ሳይንስ ይመሰክራል፤ አንቺ ደግሞ የደጋ ልጅ ነሽ» ስላለሽ፣ «ትምህርቱን ብመርጥ ከተፈጥሮዬ ጋር መጣላት አይሆንብኝም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዚህ አባባል ተስበው ደብተራቸውን የዘጉ ብዙ ልጆች ስላየሁ፣ መልሴ በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ሐሳቡ መሠረት አለው። ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ረጅሙ የተረከዝ ጅማታችን፣ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻችን፣ አጫጭር የእግር ጣቶቻችን፣ ስንሮጥ ጭንቅላታችንን የሚያረጋጋው የማጅራት ጅማትና ሙቀትን በላብ የማስወጣት ችሎታችን፣ የሰው ዘር ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሯጭ እንደነበረ ያመለክታሉ ብለዋል። ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ብትሄድም፣ እግሯ አጭር፣ ክንዷም ረጅም ስለነበር እንደ እኛ ሯጭ ነበረች አይባልም። የጥንት ሰዎች አውሬን በሩጫ አድክመው ይይዙ ነበር ለሚለው ሐሳብም፣ ያን ያህል የተለመደ አደን አልነበረም ብለው የሚሞግቱ ሊቃውንት አሉ።

ነገር ግን ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው ብንል እንኳ፣ የሚናገረው ስለ ሰው ዘር ሁሉ ነው። ያ ጅማት ለአንቺም፣ ለእኔም፣ ሱሉልታ ገበያ እህል ለሚሸጡት እናትም ተሰጥቷል፤ ሁሉም ሰው ላለው ነገር ደመወዝ የሚከፍል ደግሞ የለም። የሩጫ ሙያ የሚከፍለው ሌሎቹን ለምትቀድሚባቸው ጥቂት ሰከንዶች ሲሆን፣ እነዚያን ሰከንዶች የሚነግርሽ ሰዓት እንጂ የአፅም ጥናት አይደለም። የደጋ ልጅነትም እንዲሁ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ማለቷ ለልምምድ ይበጃል፤ ሆኖም ጧት ከአንቺ ጋር ኮረኮንቹን የሚወጡት ሁሉ ያንኑ አየር ይተነፍሳሉ። ስለ ሰውነትሽ አፈጣጠር ይህን ያህል ጽፈሽ፣ የ5,000 ወይም የ10,000 ሜትር ሰዓትሽን አንድም ቦታ አለመጥቀስሽ አሳስቦኛል።

እኔም በአንቺ ዕድሜ ለገጣፎ መንገድ ላይ እሮጥ ነበር። የተረከዝ ጅማቴ በታመመ ጊዜ ያሠለጥነኝ የነበረው ሰው አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ አልመጣም፤ በማታ የተማርሁት ባዮሎጂ ግን 16 ዓመት እያስተማርሁ ልጆቼን ያሳደግሁበት እንጀራ ሆነኝ። አንቺን የያዘሽን የሰው አፈጣጠር ጥያቄ ሙያቸው ያደረጉ ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ በአፋር ዲኪካ የተገኘችውን፣ «ሰላም» የተባለችውን የጥንት ሕፃን ቅሪተ አካል ያጠናው ዘረሰናይ ዓለምሰገድና በወራንሶ ሚሌ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ያገኘውን ቡድን የመራው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ያ መንገድ ከረዘመብሽ፣ የስፖርት ሳይንስና ፊዚዮቴራፒ ከሩጫው ሳያርቁ ሥራ ያስይዛሉ።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። እህትሽ በሰው ቤት ለፍታ የምትልከውን ገንዘብ እንደ ሎተሪ ትኬት ቆጥረውታል፤ ይህ ልክ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ አገሩ ሁሉ ሰምቷል፤ በየመንደሩ ሮጠው ስላልደረሱት ግን አባትሽ የሚሰሙበት ራዲዮ የለም። ገንዘቡ በምን ላይ እንዲውል እንደምትፈልግ እህትሽን ራሷን ጠይቂያት፤ እስካሁን የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ልምምዴ ይበላሽብኛል» ላልሽው፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መነሣት እዚያም ይቻላል። ማናጀር በቃል የሚሰጥሽን ተስፋ አትቁጠሪው። ከምዝገባው ቀን በፊት አንድ ክለብ ወርኃዊ ደመወዝሽንና ብትጎጂ የሚያሳክምሽን አካል በጽሑፍ ካሰፈረልሽ፣ ውሉንና በዳኛ የተያዘ ሰዓትሽን ላኪልኝ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩን እንደገና አየዋለሁ። ካልሆነ ሄደሽ ተመዝገቢ።