የባፌትን ፈለግ ተከትሎ አክሲዮን መግዛት፦ ጥያቄና መልስ

የደረሱኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ባፌት በኩባንያቸው በበርክሻየር ሃታዌይ በኩል የያዟቸው አክሲዮኖች በይፋ የሚታወቁ ከሆነ፣ እሳቸው የገዙትን እየተከተሉ መግዛት ለምን አይበቃም?

መልስ፦ ዝርዝሩ በእርግጥ ይታወቃል። በአሜሪካ ሕግ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የአክሲዮን ሀብት የሚያስተዳድር ተቋም፣ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ 13 ኤፍ የተባለውን ቅጽ ለመንግሥት ያስገባል። ቅጹን ከፍተው ቢያዩ የኩባንያውን ስም፣ የአክሲዮኑን ብዛትና በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ያወጣ የነበረውን ዋጋ ያገኛሉ፤ በስንት እንደተገዛ፣ ለምን እንደተገዛና ዛሬም በእጅ መኖር አለመኖሩን ግን አይነግርዎትም። በ2020 የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። ባፌት የአራት አየር መንገዶችን አክሲዮን ሙሉ በሙሉ መሸጣቸውን ሜይ 2 ቀን ለባለአክሲዮኖቻቸው ተናገሩ፤ በዚያው ወር አጋማሽ የወጣው ቅጽ ግን የሚያሳየው ማርች 31 ላይ የነበረውን ስለሆነ፣ አየር መንገዶቹ አሁንም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ቅጹን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ባፌት የተዉትን ገዛ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እሳቸውን የተከተለ እንደሚያተርፍ የሚያሳይ ጥናት አንብቤአለሁ። እርስዎ አይቀበሉትም?

መልስ፦ እቀበላለሁ። ከ1976 እስከ 2006 ያለውን ጊዜ የመረመሩ ምሁራን፣ ግዢው ይፋ ከሆነ በኋላ በሚቀጥለው ወር እንኳ ተከትሎ የገዛ ሰው ያገኘው ትርፍ ከኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ ከሚለካው መለኪያ) በሰፊ ልዩነት ይበልጥ እንደነበር አስልተዋል። ስሌቱ የሚናገረው ግን ሠላሳውንም ዓመት ሳያቋርጥ ስለተከተለ ሰው ነው። በ1999 የበርክሻየር ሃታዌይ የአክሲዮን ዋጋ 19.9 በመቶ ሲወርድ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ድርሻን ጨምሮ 21 በመቶ አደገ። የሥራ ባልደረቦቹ በኢንተርኔት ኩባንያዎች አክሲዮን ሲከብሩ እያየ፣ ለልጆቹ ትምህርት ያጠራቀመው ዓመቱን ሙሉ ሲቀንስበት ስንቱ አባወራ ይጸና ነበር? በእኔ እምነት ዋናው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ውሳኔ ብቻ ወስዶ የገዛ ሰው ምክንያቱን ስለማያውቅ፣ ዋጋው በወረደ ጊዜ አጥብቆ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ጥያቄ፦ እሳቸው የሚያገኙት፣ እኛ ግን የማናገኘው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከሁሉም በላይ የኢንሹራንስ ገንዘብ። ደንበኛ አረቦኑን ዛሬ ይከፍላል፤ ካሳው የሚከፈለው ከወራት፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ገንዘቡ በበርክሻየር እጅ ሆኖ ይሠራል። ይህ ገንዘብ በ2024 መጨረሻ 171 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። እኛ ተበድረን አክሲዮን ብንገዛ ወለድ እንከፍላለን፤ ገበያው ክፉኛ ከወረደም ደላላው ሳያማክረን ሊሸጥብን ይችላል። ከዚህ ሌላ የሚያገኙት ውልም የተለየ ነው። በሴፕቴምበር 2008 ጎልድማን ሳክስ ውስጥ 5 ቢሊዮን ዶላር ሲያስገቡ ያገኙት በየዓመቱ 10 በመቶ የሚከፈልበትን፣ የቅድሚያ መብት ያለውን አክሲዮን ነው። በዚያ ሳምንት «ባፌት ገቡ» ብሎ የተሻማ ሰው የገዛው ግን ይህ መብት የሌለውን ተራውን አክሲዮን ነበር።

ጥያቄ፦ እሳቸው ራሳቸው ለተራው ሰው ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ኢንዴክስ ፈንድ፤ ይኸውም አክሲዮን ሳይመርጥ በአንድ የገበያ መለኪያ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች በሙሉ የሚይዝ የጋራ ፈንድ ነው። ለባለቤታቸው ከሚተዉት ገንዘብ 90 በመቶው ወጪው ዝቅተኛ በሆነ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፈንድ፣ 10 በመቶው በአጭር ጊዜ የመንግሥት ቦንድ እንዲቀመጥ ማዘዛቸውን በይፋ ጽፈዋል።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ ከእሳቸው የምንወስደው ምንም የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ትዕግሥታቸውን መውሰድ እንችላለን፤ ለእሱ የኢንሹራንስ ኩባንያ አያስፈልግም። የኮካ ኮላን አክሲዮን ከ1988 ጀምረው ገዝተው በ1994 ጨረሱ፤ ያወጡት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ1994 ከኮካ ኮላ የደረሳቸው የትርፍ ድርሻ 75 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በ2022 ከዚያው ግዢ 704 ሚሊዮን ዶላር ተቀብለዋል።