ሽጉጡ ሲመዘዝ አፎቱ እንዲናገር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ቀበቶና ቦርሳ የምንሰፋ ሁለት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ደንበኛችን የጥበቃ ድርጅት አለውና ለሰራተኞቹ የሽጉጥ አፎት እንሰፋለታለን። አሁን ደሞ ሽጉጥ ሲመዘዝ አፎቱ ራሱ ለሺፍት ኃላፊው ስልክ መልእክት ይላክልኝ ብሎ መጣ። ጓደኛዬ ከስሩ የምትጫን ማብሪያ እንቅበርና ሽጉጡ ሲነሳ ትለቀቃለች ይላል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ምን ትሉናላችሁ?
ከተክለሃይማኖት

መልስ፦ ያልተዋጠልህ ልክ ነህ ወንድሜ። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ድሮ ቴዘር ይባል የነበረው አክሰን የሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2017 አፎት ላይ የሚገጠም ሴንሰር አስተዋውቆ ነበር፣ ፖሊሱ ሽጉጡን ሲመዝ 9 ሜትር አካባቢ ውስጥ ያሉት የካምፓኒው የደረት ካሜራዎች በሙሉ ራሳቸው መቅረጽ ይጀምራሉ። ልብ በል ግን፣ እዛ ሴንሰሩ የሚቀሰቅሰው ካሜራ ነው፣ ያንተ ደንበኛ ሰው ቀስቅስልኝ ነው የሚለው። ካሜራ በስህተት ቢበራ ማንም ምንም አይሆንም፣ የሺፍት ኃላፊ ግን በአንድ ሌሊት ሦስቴ በከንቱ ከተጠራ አራተኛው ላይ ስልኩን ገልብጦ ይተኛል። ስራችሁ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ሲመዘዝ ማወቁ ቀላል ነው፣ ሳይመዘዝ ዝም ማለቱ ነው ከባዱ።

የጓደኛህ ማብሪያ ለዚህ አትሆንም። ቆዳ ይለጠጣል፣ አንተ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፣ ትንሽ ከሰነበተ በኋላ ሽጉጡ ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ አቧራ ሲጨመርበት ደሞ ማብሪያዋ ወይ ተጭና ትቀራለች ወይ አትጫንም። ከዛ በላይ አፎት ውስጥ በተለይ ቃታው አካባቢ ምንም ጠጣር ነገር እንዳይገባ፣ ይሄ ድርድር የለውም።

በማግኔት ሂዱ። ሆል ሴንሰር የሚባል ትንሽዬ ነገር አለ፣ ማግኔት ምን ያህል እንደቀረበው የሚለካ፣ ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ባገኘው ነገር ነው የሚሰራው። ሽጉጡ ላይ ምንም አትለጥፉ። ማግኔቱንም ሴንሰሩንም ከአፎቱ ውጪ በኩል በሁለት ቆዳ መሀል ስፏቸው፣ የሽጉጡ ብረት ፊታቸው ሲሆን የማግኔቱ ጉልበት ሴንሰሩ ላይ ይበረታል፣ ብረቱ ሲሄድ ይደክማል። እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ሽጉጥም ቢሆን ላይኛው ተንሸራታች ብረት ነው። ግን አንድ ሴንሰር አይበቃም ሁለት አድርጉ፣ አንዱ አፈሙዙ ጋ አንዱ ላይ አፉ ጋ፣ ሽጉጥ ሲመዘዝ መጀመሪያ ታችኛው ባዶ ይሆናል ከዛ ላይኛው፣ ሁለቱም በዚህ ቅደም ተከተል ከተለቀቁ ተመዟል ማለት ነው። ታችኛው ብቻ ከሆነ ሰውየው ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ ሽጉጡ ከፍ ብሎበት ነው፣ ዝም ይበል። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን እዛው ወገብ ላይ እንዳያንጠለጥሉ ደሞ ንገሯቸው፣ ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

ባትሪ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 2032 የምትባለዋ የሳንቲም ባትሪ 220 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው የምትይዘው፣ ተራ ሆል ሴንሰር 5 ሚሊ አምፒር ሲበላ በሁለት ቀን ውስጥ አለቀች ማለት ነው። እየተኛ ለቅጽበት እየነቃ የሚያይ አይነት አለ፣ እሱን ፈልጉ፣ ሰርኪዩቱ በሙሉ በአማካይ 10 ማይክሮ አምፒር (የአንድ ሚሊ አምፒር መቶኛ ማለት ነው) ላይ ከቆመ በስሌት ከሁለት ዓመት በላይ ትሄዳለች።

አደራ፣ ሰርኪዩቱን ላብና የክረምት ዝናብ እንዳይነካው ብላችሁ ሆምጣጤ ሆምጣጤ በሚሸተው ሲሊኮን እንዳትሸፍኑት፣ እሱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳቡን ይበላዋል። ሽታ የሌለውን ጠይቁ።

መልእክቱ በብሉቱዝ ወደ ጥበቃው ስልክ ሄዶ ከዛ በኔትወርክ ወደ ኃላፊው ይለፍ። ግን የሰው ገላ ውሃ ስለሆነ ብሉቱዝን ይውጠዋል፣ አፎቱ በቀኝ ስልኩ በግራ የኋላ ኪስ ከሆነ ሊቆራረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ስልኩም በቀኝ በኩል ይሁን። ሌላው፣ ሴንሰሩ በየደቂቃው አለሁ ይበል፣ አለዚያ ባትሪው የሞተበትና ሰላም ያለበት አንድ ይመስላል። አፎቱ ሽጉጡን ይቆልፍ ካሏችሁ ደሞ እምቢ በሉ፣ ባትሪ አለቀ ብሎ ሰው መሳሪያውን ማውጣት አቅቶት ቢጎዳ እናንተ ትጠየቃላችሁ።

ሙከራውን በእንጨት ቅርጽ ላይ ብረት ለጥፋችሁ ስሩ። እውነተኛውን ሱቃችሁ ውስጥ እንዳታሳድሩ፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሳሪያ ያለፈቃድ መያዝን ይከለክላል፣ የመጨረሻው ልክ እነሱ ግቢ የእነሱ ሰው ይዞት ይለካ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቤት ያስቀምጣል፣ ትንንሽ ልጆች አሉን። እንዲህ የሚጮህ አፎት ብገዛ ይጠቅመኛል?
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አይጠቅምሽም እህቴ። እሱ የሚነግርሽ ከወጣ በኋላ ነው፣ አንቺ መርካቶ ሆነሽ ስልክሽ ቢጮህ ምን ታደርጊያለሽ? ጥይቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ለብቻው ይቆለፍ፣ ሽጉጡ ግድግዳ ላይ በታሰረ የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ቁልፉ ደሞ ከባለቤትሽ አይለይ፣ ቡፌ ላይማ በፍጹም።