«ሆድ ይፍጀው» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ በሥነ አእምሮ ሐኪምነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከወጣት ታማሚ አፍ መጀመሪያ የምሰማው «ከፍቶኛል» የሚል ቃል አይደለም። «ራሴን ያመኛል» ነው። «ሆዴን ይነፋኛል» ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው።

ውሸታቸውን አይደለም። ጭንቀት ጡንቻን ይወጥራል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ሆድን ያውካል። «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የተዋጠው ነገር በእርግጥም ሆድን ሲያሳምም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ብዙዎቻችሁ የሰውነቱን ሕመም የምታስቀድሙት ስለማያሳፍር ነው። እጁ የተሰበረ ልጅ «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ይተርካል። ድብርት የያዘው ልጅ ግን ፈገግ ይልና «ደክሞኝ ነው» ብሎ ያልፋል።

አንድ ልጅ ከልቤ አይወጣም። ያኔ ገና ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ራስ ምታት ብሎ መጣ። ውጭ የሚጠብቀኝ ሰው ብዙ ስለነበር ማስታገሻ ጽፌ ሸኘሁት። በሩ ጋ ሲደርስ የበሩን እጀታ እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወጣ። ከዓመት በኋላ እናቱ ይዛው ስትመጣ ትምህርቱን አቋርጧል፣ ከስቷል፣ ከሰው ጋር ማውራት ትቷል። ሲሻለው ያን ቀን በሩ ላይ ለምን እንደቆመ ጠየቅሁት። «ሌላም ነገር አለ ልልዎት ነበር። ግን ሥራ በዝቶብዎት ነበር» አለኝ።

ልጁ ድኗል። ያ ዓመት ግን አልተመለሰለትም። ይህን የምጽፍላችሁም ስለዚያ ዓመት ብዬ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። 42 ተማሪ ባለበት ክፍል ስድስት ልጅ ማለት ነው። ስድስቱም «እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ሊሆን ይችላል።

ልጆች የሚፈሩት ከሕመሙ ይልቅ «አበደ» መባሉን ነው። ቀጥሎ ደግሞ እኛ ሐኪሞቹ ምርመራ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ይፈራሉ። የሚሆነው ግን በአብዛኛው ማውራት ነው። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ? ድሮ ደስ ይልህ የነበረው ነገር ዛሬም ደስ ይልሃል? ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው? ሐዘን የማንም ሰው ነው። ስሜቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቀኑን አብዛኛውን ሳይለቅ ከቆየ ግን ድብርት መሆኑን እንጠረጥራለን። የደም ማነስና የታይሮይድ እጢ መታወክም ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ አንዳንዴ ደም እናስመረምራለን። ለብዙዎቻችሁ የንግግር ሕክምናው፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ መታከሙ ይቀድማል።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። የድብርት መድኃኒት ዛሬ ውጠውት ዛሬ አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ሁለት፣ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ብዙ ልጅ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አታቁሙ።

የምታወሩት ነገር እኛው ጋ ይቀራል። ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ግን ዝም አንልም። ቤተሰብ ምን ድረስ እንደሚነገረው በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ጓደኛችሁ የታመመባችሁም አላችሁ። «ጠንከር በል»፣ «ከአንተ የባሰ አለ» አትበሉት። አጠገቡ ተቀመጡና ስሙት። ከፈራችሁለት «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብዙዎች ሲጠየቁ ቀለል ይላቸዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ምሥጢሩን ለብቻችሁ አትያዙት፤ ለምታምኑት ትልቅ ሰው በዚያው ሰዓት ንገሩ፣ ወደ ሕክምናም አድርሱት።

ደግሞ ስለ ቀልዳችሁ። «ነካ ያደርገዋል»፣ «ለየለት»፣ «ጨርቁን ጥሏል» እያላችሁ ስትሳሳቁ ከመካከላችሁ የታመመው ልጅም አብሮ ይስቃል። ለእናንተ እንደማይነግራችሁ ግን እዚያው ይወስናል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከማናችንም በፊት ልትደርሱለት የምትችሉት እናንተ ነበራችሁ።

ቃል ከጠፋችሁ ጻፉት። አንዲት ልጅ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። አራት መስመር ነበር። ሕክምናዋን ከዚያ ጀመርን።

ምናልባት የሚያያችሁ ባለሙያ እንደዚያን ጊዜዋ እኔ የሚቸኩል ይሆናል። ተነሥታችሁ በሩ ጋ ከደረሳችሁም አልረፈደም። እጀታውን ልቀቁና ተመለሱ። «ሌላም ነገር አለ» በሉት። ሥራ የበዛበት ቢመስላችሁም በሉት።